የእማዬ ጥለት

«የገዛ እናቱን ዓመት የሚሸምን ሰው የት አይተሻል? እስቲ ንገሪኝ!» አለ ኢዮስያስ። «ሐኪም እንኳ የዘመዱን ሆድ አይቀድም።»

«እኔ ሆድ አልቀድም። ጥለት ነው የምጥለው» አለች እህቱ ኖላዊት።

«ከሆድ የባሰ ነው የምትከፍቺው።»

«ቀስ በል፤ ትሰማለች።»

ወይዘሮ ረድኤት በእርግጥ ይሰሙ ነበር። በመስኮቱ ሥር ባለ ጎማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከወንዱ ልጃቸው ወደ ሴቷ፣ ከሴቷ ወደ ወንዱ ያመላልሳሉ። አንደበታቸው ከተያዘ ሦስት ዓመቱ ነው። የሚታዘዝላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ሲሆን፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አንገታቸው ላይ ያለችውን ዶቃ ሲዳብስ ይውላል። ዶቃዋ ምስር ታክላለች። ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ አንድ አለችው።

ቀኑ ነሐሴ ሠላሳ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ነበር። ጠዋት የወረዳው መልእክተኛ ማኅተም ያለበት ፖስታ አምጥቶ፣ ኖላዊትን አስፈርሞ ሄዷል። በውስጡ የወይዘሮ ረድኤት የዓመቱ ንባብ አለ፤ ዶቃዋ በየቀኑ ከስሜታቸው ያየችው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ያለ ቅጂ። ንባብ በየትም መዝገብ ማስቀመጥ ከተከለከለ አሥር ዓመት አልፏል። ወረቀቱ ለአንድ ሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔው በጳጉሜን ይሸምነዋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይቃጠላል። የሚቀረው ነጠላው ብቻ ነው።

«ይሄኛው ለበዓል ተለብሶ የሚታጠፍ አይደለም» አለ ኢዮስያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጧሪ ሸንጎ ፊት የሚዘረጋ ነው። እኔ ሰመራ ልውሰዳት ብያለሁ፤ አንቺ እዚሁ ትቅር ብለሻል። እሷ መናገር ስለማትችል ሸንጎው የሚጠይቀው ጥለቷን ነው። ተከራካሪ ሆነሽ ምስክርም ልትሆኚ?»

«ሦስት ዓመት ሰውነቷን ያጠብኩ እኔ ነኝ። ጥፍሯን የምቆርጥ፣ ሌሊት የማገላብጣት እኔ ነኝ። ዓመቷን ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም።»

«እንዲነካብሽ!» ሳቀ ኢዮስያስ። «እማዬ ያንቺ ብቻ ሆና ቀረች። አርብ አርብ ገበያ ስትሄጂ የምትጠብቃትን ኤልዳናን የላክሁልሽ እኮ እኔ ነኝ።»

«ሰው በመላክ ልጅ መሆን ከተቻለማ ጥሩ ነው።»

ኢዮስያስ ታናሿ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ። ሰመራ የፀሐይ እርሻዎቹን ከሚያስተዳድሩት አንዱ ሆኖ ከሚስቱ ጋር በከተማው ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ እዚያ ሙቀቱ አይገባም፤ ለሽማግሌዎች የተተከለ የአትክልት ቦታም አለ። እናቱን በቅንነት ይወዳል። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ምስሉ በእናቱ መኝታ ቤት ግድግዳ ሙሉ ሆኖ ይመጣና አንድ ሰዓት ያወራላቸዋል። አንድ እሑድ እንኳ አላጎደለም።

ደንቡ ዘመድ ዘመዱን እንዲሸምን የሚፈቅደው የቀሩት ልጆች ከፈረሙ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ምን ፈራህ?» አለች ኖላዊት።

«ምንም አልፈራሁ።»

«ፈርተሃል እንጂ። በሳምንት አንድ ሰዓት ግድግዳ ላይ ብቅ የሚል ልጅ ምን ቀለም እንደሚያስገኝ ገብቶሃል።»

ኢዮስያስ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ብዕሩን አነሣ።

«እሑዶቼን አውቃቸዋለሁ» አለ እየፈረመ። «ስመጣ ፊቷ ምን እንደሚሆን ከዚያ ማዶ የማየው እኔ ነኝ። አንቺ ከወንበሩ ጀርባ ነው የምትቆሚው፤ አይታይሽም። በይ ሽመኚ። እሑዶቼን ስታገኚያቸው ግን እንዳትደነግጪ።»

ኖላዊት የምትሠራበት ሸማኔ ቤት ጉለሌ፣ እሷና እናቷ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ የሚናገር ዕቃ ሁሉ ይወልቃል፤ የጆሮው፣ የዓይኑ፣ የእጁ፣ ዶቃዋም ጭምር። ጠባቂው ሁሉንም በቁልፍ ሣጥን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ሰው በጭንቅላቱና በጣቱ ነው። ዐሥራ አራት ሸማኔዎች በዐሥራ አራት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም፤ የመርገጫውን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ግድግዳው ላይ የቀለሞቹ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል፤ ማንም የሚያየው ግን የለም፤ ሕፃናት ከፊደል ጋር ነው የሚማሩት። የእርድ ቢጫ ደስታ ነው። ውኃ ሰማያዊ ጸጥታ። ሐምራዊ ናፍቆት። አመድማ ምንም ያልሆነበት ቀን። የሐሞት አረንጓዴ ቅናት። ሰዎች በእንቁጣጣሽ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ያማረው ወራቸው ትከሻቸው ላይ እንዲውል፣ የከፋው ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «ዓመትሽ ያምራል» ይባባላል፤ ዓይኑ ግን እጥፋቱን ይፈልጋል።

ኖላዊት ባለፈው እንቁጣጣሽ ነጠላዋን አራት ጊዜ አጥፋ ለብሳ ነበር። አመድማ ነበረ፣ በየመካከሉ ሐሞት። የሸመነላት የሥራ ባልደረባዋ ሲያስረክባት ዓይኗን ሳያይ «ክሩ ጥሩ ክር ነው» ብሎ አመሰገነላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዓመት ሸምናለች። አንዱ ሚያዝያውን ሙሉ እርድ አድርጎ ይመጣል፤ ሌላዋ የባሏን ሞት ተከትሎ ስድሳ ቀን እንደ ቀይ ወይን ጠጅ የጠለቀ ሐዘን ይዛ ትመጣለች፤ ኖላዊት ያንንም ታይና ትቀናለች። እንደዚያ የሚያስጠልቅ ሰው ነበራት ማለት ነው፣ ትላለች በልቧ። ከዚያ መወርወሪያዋን ትወረውራለች።

ጳጉሜን አንድ ቀን ፖስታውን ከፈተች። ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት በመሆኗ ደስ ብሏት ነበር፤ አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን ታገኛለች። ወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ ስድሳ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ ጳጉሜን የመሸመኛ ወቅት ስለሆነች አትነበብም፣ ነጠላው ላይም ነጭ ሆና ትቀራለች። ከየማዕዘኑ ሥር ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ስድሳ ቁጥር አለ። የሳምንቱ ቀን ግን አልተጻፈም።

መቁጠር አላስፈለጋትም። ገና ስታየው ሥርዓቱ ታያት። አብዛኛው አመድማ ነው። በየሰባት ቀኑ ግን አንድ እርድ፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ውኃ ሰማያዊ። የመጀመሪያው እርድ ስድስተኛው ማዕዘን ላይ ነበር፤ ከዚያ ዐሥራ ሦስት፣ ሃያ፣ ሃያ ሰባት፣ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሃምሳ አንድ እርድ። በሕይወቷ ይህን ያህል ደማቅ እርድ ሸምና አታውቅም።

እጇን ዘርግታ በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች። መጪው መስከረም አንድ ረቡዕ ነው። ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል፤ ስለዚህ ያለፈው መስከረም አንድ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ አርብ አራት፣ ቅዳሜ አምስት።

እሑድ ስድስት።

ደግማ ቆጠረች። እሑድ ስድስት።

ቅዳሜን ተመለከተች፤ አምስተኛውን። አመድማ ነው። ቅዳሜ የእሷ ቀን ናት። ቅዳሜ ጠዋት ውኃ ታሞቅና የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ፀጉራቸውን ታጥባለች፤ በቅባት ታሻለች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅታ ትሠራላቸዋለች። እማዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ። ኖላዊት ያን ትንፋሽ ምስጋና ነው ስትል ሦስት ዓመት ኖራለች። አመድማ! ዐሥራ ሁለተኛውም አመድማ፤ ዐሥራ ዘጠነኛውም። ፀጉሩን የሠራችው ለማግስቱ ነበር። አስውባ፣ አሳምራ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ለእሱ ታቀርባቸው ነበር።

ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት አብረው ነበር የሚመለሱት። እናታቸው ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ «ኢዮስዬ!» ብላ ትጮኻለች። ኖላዊት የሁለቱንም ቦርሳ ተሸክማ ከጎኑ ትሄዳለች። አንድ ቀን ሆነ ብላ በሃያ እርምጃ ቀድማው መጣች። እናቷ ከላይ አየቻትና «ኢዮስዬስ?» አለቻት።

ያን ዕለት ምንም አልሸመነችም። በማግስቱ ጀመረች፤ ለየቀኑ አንድ ማግ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አመድማ በአመድማ ላይ። አምስተኛው ማግ ላይ ስትደርስ ክር የተጠቀለለባቸው ሁለት ቀሰሞች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ አመድማ፣ አንዱ እርድ። እርዱን አነሣች።

ሁለቱን ብቻ አቀያየረች። ምንም አልጨመረችም፤ ምንም አልቀነሰችም። የእናቷ ደስታ ሙሉ ነው፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሳበችው እንጂ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ከጎኗ ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ሸማኔ እያንጎራጎረ ነበር፤ እሷም አብራው አንጎራጎረች። ሃምሳ አንድ ጊዜ አቀያየረች። ውኃ ሰማያዊው ግን ሰባተኛው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሰኞ ምን ጸጥታ እንዳለ አላሰበችበትም።

ጳጉሜን ስድስት ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ባለበት ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረች። ጠባቂው አመዱን በብረት ቆስቁሶ ፈረመላት።

እንቁጣጣሽ ዕለት የሕንፃው ደረጃ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ነጠላ ተሰቅሎበት ነበር። ሸንጎው የተቀመጠው በግቢው፣ በድንኳን ሥር ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ሰብሳቢው ጋሽ ያፌት ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የካርታ ሠራተኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ይፈልጉታል። ኢዮስያስ ሱፍ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ወይዘሮ ረድኤት መሐል ላይ ናቸው። ኤልዳና፣ አርብ አርብ የምትመጣዋ፣ የምትሠራበት መጦሪያ መኪና ይዛ አሮጊቷን ከፎቅ ለማውረድ ተልካ ስለመጣች ከኋላ ቆማ ማስቲካ ታኝካለች።

«ነጠላው ከመዘርጋቱ በፊት» አሉ ጋሽ ያፌት፣ «ቀናችሁን ተናገሩ። በኋላ ካየን ወዲያ ቀኔ ይሄ ነው ማለት የለም።»

«እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» አለ ኢዮስያስ።

«አንቺስ ልጄ?»

«ሁሉንም ቀን አብሬያት ነኝ። ግን ቅዳሜ ነው የማጥባት። ቅዳሜ ይጻፍልኝ።»

«የማትኖሪበት ቀንስ አለ?»

«አርብ ገበያ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ኤልዳና ናት የምትሆነው።»

ጋሽ ያፌት ጻፉ። ከዚያ ነጠላው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ከአመዱ መሐል እርዱ በየቦታው ይበራ ነበር። ኢዮስያስ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ ፈካ። ኖላዊት ደስታው እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ዓይኗን አልነቀለችበትም።

ጋሽ ያፌት ጣታቸውን በመጀመሪያው ማግ ላይ አሳረፉ። «መስከረም አንድ ሰኞ፤ ሁለት ማክሰኞ...»

«ማክሰኞ ነው» አለች ኖላዊት።

«ምኑ?»

«ያለፈው መስከረም አንድ። ዛሬ ረቡዕ አይደል? ማክሰኞ ነበር የዋለው።»

«ሰኞ ነው ልጄ። ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ነበረች፤ ዓመቱ በሁለት ቀን ነው የሚገፋው።»

«መስቀል ረቡዕ ውሎብን የለም እንዴ?» አለ ኢዮስያስ ሳይዞር። «ክትፎው ለሐሙስ አድሮ እኔ ሳልቀምስ ነው የተመለስኩት። ረሳሽው?»

ኖላዊት አልረሳችውም። ክትፎውን እሷ ነበረች የከለከለችው፤ የጾም ቀን ነው ብላ። ጉልበቷ ላይ ያሉት ጣቶቿ ራሳቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰኞ አንድ። አርብ አምስት። ቅዳሜ ስድስት። ወረቀቱ ላይ እርዱ የነበረው ስድስተኛው ላይ ነበር። ሃምሳ አንዱም እርድ የቅዳሜ ነበር። የእናቷን ቅዳሜ በገዛ እጇ አንሥታ ለአርብ ሰጥታለች።

«አምስተኛው፣ አርብ፣ እርድ» አሉ ጋሽ ያፌት። «ስድስተኛው፣ ቅዳሜ፣ አመድማ። ሰባተኛው፣ እሑድ፣ ውኃ ሰማያዊ።» ሁለተኛውን ሳምንት አዩ፤ ሦስተኛውን አዩ፤ ወደ ኅዳር ዘለሉ፤ ወደ ግንቦት ዘለሉ። ነገሩ አንድ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰማያዊ?» አለ ኢዮስያስ።

«ጸጥታ ነው፤ ክፉ ቀለም አይደለም።»

«ሁሉም እሑድ?»

«ሁሉም።»

ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ ነጠላውን ከቅርብ አየ። አፉ በትንሹ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱን ተመለከተ፤ እናቱም ተመለከቱት፤ በፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። «አንድ ሰዓት ሙሉ እኮ ነው የማወራት» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። «ታሪክ ፈልጌ፣ ሳምንቱን ሙሉ እየጻፍኩ አስቀምጬ...» አልጨረሰውም። ከዚያ ወደ ኤልዳና ዞረ። «አንቺ ምንድን ነው የምታደርጊላት?»

ኤልዳና ማስቲካዋን ወደ ጉንጯ ሸሸገች። «እኔ?»

«አርብ አርብ። ምን ታደርጊላታለሽ?»

«ምንም ጋሼ። ምሳቸውን አበላቸዋለሁ፤ ከዚያ እማማ ይተኛሉ። እኔ ድራማዬን አያለሁ። እውነቴን ነው፤ አርብ ብዙውን ጊዜ ይተኛሉ።»

«ዕረፍት ሰጥተሻቸዋላ» አሉ ጋሽ ያፌት ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አንዳንድ ጊዜ ልጅ ይጫናል። የልጅ ፍቅር የሚከብደው ሽማግሌ አለ፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይተናል።» ከዚያ ደንቡን አነበቡ። መናገር የማይችል ሰው ደስታው ከልጆቹ ውጭ ከተገኘ፣ ደስታው ወደተገኘበት ይሄዳል። ኤልዳና የምትሠራው መጦሪያ ቤት ስለሆነ ወይዘሮ ረድኤት ዛሬውኑ ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ልጆች በወር አንድ ጊዜ መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል፤ ውሳኔው እስከሚመጣው ጥለት ይጸናል።

«ተቃውሞ ያለው?»

ኖላዊት ተነሥታ ነበር። መነሣቷን ያወቀችው ጋሽ ያፌት ሲያዩዋት ነው። የምትለው አጭር ነበር። ሁለት ማግ አቀያይሬአለሁ፤ አርብ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ አርብ ነው። ከዚያ ወዲያ እጇ ከሸማ ይታገዳል፤ እሱን ፈቅዳ ነበር። ወረቀቱ ተቃጥሏል፤ ማስረጃ የላትም፤ ግን ጠባቂው፣ ባልደረቦቿ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት ስሟ አለ፤ ቢያንስ ውሳኔው ለአንድ ወር ይቆይላት ነበር።

ኢዮስያስ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ እንደ ልጅነቱ ታችኛው ከንፈሩን ነክሷል። ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን አቀያየርሽ? እሷም የአንተ መስለውኝ ነው ማለት አለባት። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እማዬ ፊት፣ የአንተ መስለውኝ ሰረቅኳቸው። ሃምሳ አንድ ጊዜ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ኖላዊት ሳትፈልገው የሚመጣ። ሰማያዊ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ታሪክ ሲጽፍ ሰንብቶ ያገኘው ሰማያዊ ነው። አሁን አፏን ከከፈተች እርዱን እሷ ትወስዳለች፤ እሱም የእህቱን ቅናት ይዞ፣ አዝኖላት፣ ምናልባትም አቅፏት ወደ ሰመራ ይመለሳል። ዝም ካለች ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። አርባ ዓመት ሲጠበቅ የነበረ እኩልነት ነው። የሚጣፍጥ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም።

«ልጄ?» አሉ ጋሽ ያፌት። «ተቃውሞ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ኖላዊት፤ ተቀመጠች።

ፈረሙ። ኤልዳና ወንበሩን ልትገፋ ስትመጣ የመድኃኒቱን ሰዓት ጠየቀቻት፤ ኖላዊትም ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ክብ ነጯን ክኒን ከምግብ በፊት እያለች በሙሉ ነገረቻት። ኤልዳና መዳፏ ላይ ጻፈችው። ኢዮስያስ ለበረራው ሊደውል ወደ ግቢው በር ሄደ። ኖላዊት የእናቷን ልብስ በሻንጣ ልታደርግ ደረጃውን ወጣች።

የመጦሪያው ሰዎች ሻንጣውን አልጠበቁም፤ መኪናው ሌላ ቤትም የሚያደርሰው ሰው ነበረው። በግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ የተሰበሰበው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለውን የአዲሶቹን ሙሽሮች ጥለት ለማየት ነበር፤ ሚያዝያቸው ብርቱካናማ ነው ወይስ እርድ በሚል ክርክር ተነሥቷል። አንዱ ሰው «ብርቱካናማ ነው! ዓይንህን ታከም!» ይላል፤ ሌላው «አንተ ቀንተህ ነው» ይለዋል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ነጩ መኪና ከመሐላቸው ቀስ እያለ አለፈ። አንድ ሰው እንዳይነካው እግሩን ሰበሰበና ወደ ክርክሩ ተመለሰ።